በ«ሳታ 3» ስም በሃርድ ዲስክ ላይ የሚጠየቀውን ጭማሪ አትክፈሉ

ሐዋሳ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሸጡ አንዳንድ ሱቆች ያገለገለ ሃርድ ዲስክ በሁለት ዋጋ ተለይቶ እየቀረበ ነው። «3 ጊጋቢት» (ሳታ 2) የሚል የተለጠፈበት በርካሽ፣ «6 ጊጋቢት» (ሳታ 3) የሚለው ደግሞ «ፍጥነቱ እጥፍ ነው» ተብሎ በውድ ይሸጣል። አሮጌ ላፕቶፓቸው የተንቀራፈፈባቸው ተማሪዎች ይህን አምነው ሲከፍሉ በማየቴ ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፌአለሁ።

ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚገልጸው ግን የዲስኩን ፍጥነት ሳይሆን ዲስኩን ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘውን፣ ሳታ የተባለውን መስመር አቅም ነው። በሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ ይገናኝ የነበረው የድሮው አይዲኢ በሰከንድ እስከ 133 ሜጋባይት፣ የመጀመሪያው ሳታ 150፣ ሳታ 2 300፣ ሳታ 3 ደግሞ 600 ሜጋባይት ያሳልፋሉ። 6 ጊጋቢት ለ8 ሲካፈል 750 ይመጣል ለሚል ሰው፣ በመስመሩ ከሚላከው ከእያንዳንዱ 10 ቢት ውስጥ መረጃ የሚሆነው 8ቱ ብቻ እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከረው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ግን ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ እንኳ ፍጥነቱ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ በእነዚህ ሱቆች የሚገኘው 7,200 የሚዞር ያገለገለ የዴስክቶፕ ዲስክም ከ200 እምብዛም አያልፍም። ሁለቱም የሳታ 2ን መስመር እንኳ አይሞሉትም። ባጃጅ የፍጥነት መንገድ ላይ ስለወጣ መኪና አይሆንም።

ከዚህም በላይ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚነበቡት በዲስኩ ላይ የተበታተኑ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች በመሆናቸው፣ የማንበቢያው ጭንቅላት ከቦታ ወደ ቦታ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይባክናል፤ ላፕቶፑን የሚያንቀራፍፈው በዋናነት ይህ ነው፣ የመስመሩ መስፋትም አያድነውም። ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሚሽከረከር ዲስክ ፈንታ መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው ማከማቻ፣ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው፣ የላፕቶፑ መሰኪያ ሳታ 2 በመሆኑ ፍጥነቱ ከ300 በታች ቢገደብ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሁለቱ ሳታዎች ስለሚግባቡ የሳታ 3 ኤስኤስዲ በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በእኔ እምነት ለጭማሪው የታሰበው ብር መዋል ያለበት ለዚህ ነው።

ሰፊ ቦታ ስለምትፈልጉ ሃርድ ዲስክ የግድ የምትገዙ ከሆነ፣ ከተለጠፈው ቁጥር ይልቅ ዕድሜውን መርምሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሹ ክፍሎች እንዳሉት ያሳያል፤ ሻጩ ዲስኩን ሰክቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ አለመግዛት ይሻላል።