የመኪና ስዊች መብራት ሲቃጠል፦ ተራ አምፖል፣ ኤልኢዲ ወይስ ሙሉ ስዊች?

ጓደኞቼ በየጊዜው "ማታ የመኪናዬ የኤሲ ቁልፍ አይታየኝም፣ ስዊቹን ልቀይረው እንዴ?" ይሉኛል። ኧረ ተው፣ የተቃጠለችው ውስጡ ያለችው ትንሿ አምፖል ናት፣ እሷን ብቻ ግዛ።

ጅማ መርካቶ ያሉ መለዋወጫ ቤቶች ለአንዷ አምፖል 60 ብር ይሉሃል፣ ሁለት ልውሰድ ካልክ በ100 ይሰጡሃል። ኤልኢዲው ከ150 ይጀምራል። ሙሉ ስዊች ግን ኮፒው ራሱ 1800 ተብያለሁ፣ አሮጌ ኦርጅናል ከአዲስ አበባ ይምጣልኝ ካልክ ደግሞ 2500፣ የመላኪያው ለብቻው ነው። በ60 ብር ለሚያልቅ ነገር!

ኮፒውን አንድ ወዳጄ ገዝቶት አይቼዋለሁ። ሌሎቹ ቁልፎች አረንጓዴ ሲያበሩ እሱ ብቻውን ነጭ ነው፣ ክሊፑ ስለማይዝ ስትጫነው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጽሑፉም ቀለም የተቀባ ስለሆነ በጨርቅ ስትጠርገው ይለቃል።

ኤልኢዲ ብዙ አይሞቅም፣ ባትሪም ብዙ አይበላም፣ እውነት ነው። ግን ርካሹ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ የቁልፉ መሃል ቦግ ይልና ዳር ዳሩ ይጨልማል፣ ዲመሩን (የዳሽቦርድ መብራት ማደብዘዣውን) ስትቀንስም ከሌሎቹ ጋር እኩል አይቀንስም። ገዝተኸው ካልበራ ደግሞ ቶሎ አትጣለው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ይሆናል፣ አዙረህ ክተተው።

አምፖሏም ብትሆን ተንኮል አላት። እዚህ ከተማ በ24 ቮልት የሚሠራው አይሱዙ የጭነት መኪና ስለሚበዛ ባለ 24 ቮልቷ ከባለ 12ቷ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቃ ትሸጣለች፣ በመልክ አትለይም፣ ባለ 12 ቮልት መኪናህ ላይ ስትገባ ግን ፍም መስላ ደብዝዛ ነው የምትበራው። ስለዚህ የተቃጠለችውን ይዘህ ሂድ፣ ላይዋ የተጻፈውን አንብብ (ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 1.2 ወይ 1.4 ዋት ነው)፣ እዚያው ባትሪ ላይ አስሞክር። "ይቺ የሞተር ሳይክል ናት፣ ትሆናለች" ካሉህ ዋቷን እይ፣ ከበለጠች ፕላስቲኩን ልታቀልጠው ትችላለች። አሮጌዋ ላይ አረንጓዴ የጎማ ቆብ ካለ አውልቀህ ለአዲሷ አልብሳት፣ ያለሱ ቀለሙ አይገጥምም።

ከመግዛትህ በፊት ግን ፓርኪንግ መብራት አብራ። የሁሉም ቁልፍ መብራት ከጠፋ አምፖል አይደለም፣ ቫልቮላውን (ፊውዙን) እይ፣ ወይ ዲመሩ እስከ መጨረሻ ወርዶ ይሆናል፣ ያ ደግሞ በነጻ ነው።

ስዊቹን ስታወጣ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ዳሽቦርዱ ከተጫረ አይመለስም። ከፍተኸው አምፖሏ የምትነቀል ሳትሆን ቦርዱ ላይ የተበየደች ከሆነች የመኪና ኤሌትሪሺያን አትፈልግ፣ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ ቀጭን መበየጃ ያለው እሱ ነው፣ ለእጁም 200 ብር ነው የሚጠይቅህ፣ 150 በለው።