ሳይሊየም፣ ተልባና ፉርሽካ፦ ለሚቆጣ አንጀት የቱ ይሻላል?

አይቢኤስ (የአንጀት መቆጣት) ላለበት ሰው «አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ አብዛ» ማለት ግማሽ ምክር ነው። አሰር ሁሉ አንድ አይደለምና። ሐዋሳ ላይ የምንመዝነው ሦስቱን ነው፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ሳይሊየም፣ የገበያውን ተልባና የወፍጮ ቤቱን ፉርሽካ። ደረጃቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ሦስተኛውንማ ባንቆጥረው ይሻላል።

ፉርሽካ ርካሽ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ያበቃል። አሰሩ በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ስለሆነ ቶሎ የሚቆጣውን አንጀት ይጎረብጠዋል። ከስንዴ የመጣ በመሆኑ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነትም ይዟል፤ ይህን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሆድ ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 275 የአይቢኤስ ሕሙማንን ሦስት ቦታ ከፍሎ ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ለአንዱ ቡድን በቀን 10 ግራም ሳይሊየም፣ ለሌላው 10 ግራም ፉርሽካ፣ ለሦስተኛው የሩዝ ዱቄት ነበር የተሰጠው። ሳይሊየም የወሰዱት ሲሻላቸው፣ ገና በጅምሩ ያቋረጡት በብዛት ፉርሽካ የደረሳቸው ናቸው፤ ዋናው ምክንያትም ሕመሙ ስለባሰባቸው ነው።

ሳይሊየም በዋናነት ሕንድ ውስጥ የሚበቅል ተክል የዘር ገለባ ነው፤ ኢሳብጎልም ይባላል። ውሃ ሲነካው እንደ አጥሚት ይወፍራል። ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ የደረቀውን ሰገራ ያለሰልሳል፣ የቀጠነውንም ያጠነክራል፤ ድርቀትና ተቅማጥ ለሚፈራረቁበት ሰው የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ባክቴሪያ በዝግታና በጥቂቱ ብቻ ስለሚያብላላው ጋዙ አነስተኛ ነው።

ስትገዙ ዱቄት ይሁን ያልተፈጨ ገለባ እዩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ከ4 እስከ 5 ግራም ሲመዝን፣ ያልተፈጨው በግምት ግማሹን ነው። «በማንኪያ ውሰድ» ብቻ ተብለው የሚሄዱ ሰዎች መጠኑን እጥፍ የሚያደርጉት እዚህ ላይ ነው። ጣዕም የተጨመረበትን ተዉት፤ ሶርቢቶል ወይም ማኒቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ራሱ ሆድ ይነፋል። ኢኑሊን የሚባል ሌላ አሰር የተቀላቀለበትም እንዲሁ። እንክብሉ ለጉዞ ያመቻል፤ ግን አንዱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም ገደማ ስለሚይዝ 10 ግራም ለመሙላት ሃያ ያህል መዋጥ ነው። ሽፋኑም ከእንስሳት የተሠራ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል ጾመኛ ይጠይቅ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። በቀን 3 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡና ሳይረጋ ወዲያው ጠጡት፤ ሌላ ብርጭቆ ውሃ አስከትሉ። በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ግራም እየጨመራችሁ 10 ግራም ድረስ ሂዱ፤ ከዚያ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳትሞክሩ አትፍረዱበት። በመጀመሪያው ቀን 10 ግራም የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ «አልተስማማኝም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የጥድፊያው ነው። ውሃው ካነሰ ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ፣ አንጀትም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መዋጥ ለሚያስቸግረው ወይም አንጀቱ ለጠበበ ሰው አይሆንም። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ይተው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ይውሰደው፤ ሽሮና ምስር በሚበዛበት የጾም ወቅት ግን ጋዙ ሁሉ የሳይሊየሙ እንዳይመስለው።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ወይም የደም ማነስ ካለ ግን ከሳይሊየሙ በፊት ሐኪም ይቅደም። የሰገራ ምርመራም አይታለፍ፤ ጃርዲያና አሜባ አይቢኤስን ይመስላሉ።

ተልባ ሁለተኛ የወጣው አሰሩ የሚሟሟውም የማይሟሟውም ድብልቅ ስለሆነ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያ ለሆድ መነፋትና ለጋዝ በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይፈቅዳል። ጠጠሩን ለቅማችሁ፣ ሳታሳርሩ ቆልታችሁ ፍጩና ቢያንስ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ እስኪያዝለገልግ ይቆይ። ድርቀት ያለበት ሳያጠልል ይጠጣ። ቁርጠት የሚያስቸግረው ግን ቢያጠልለው ይቀለዋል፤ ማለስለሻው ወደ ውሃው ስለወጣ የሚጣለው ሻካራው ገለባ ነው። ማር አትጨምሩበት፤ የአገራችን ልማድ ቢሆንም የማር ፍሩክቶስ ለዚህ ሕመም ሆድ መንፊያ ነው። በሐዋሳ ሙቀት የተፈጨ ተልባ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚሆን ብቻ ፍጩ፤ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሽታው ከተለወጠ ድፉት።