ባለ ዛጎሉ አገልግል ከጣና ዳር

በግንቦት መጨረሻ ባሕር ዳር በነበርሁበት ጊዜ፣ ከዘጌ የጀልባ ጉዞ መልስ፣ በሐይቁ ዳር ካለች አነስተኛ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ባለ ዛጎል አገልግል በ1,800 ብር ገዝቼ ነበር። ሦስት ወር ከተገለገልሁበት በኋላ ስለ ዕቃው የምለው በአብዛኛው ምስጋና ነው፤ ቅሬታዬ ሲሸጥልኝ በተነገረኝ ቃል ላይ ነው።

ስፌቱ ጥብቅ፣ የለበሰው የፍየል ቆዳ በወጉ የለፋ፣ ክዳኑም ሳያስቸግር የሚገጥም ነው። ዛጎሎቹ ጀርባቸው ተቆርጦ በጠፍር የተሰፉ በመሆናቸው ከቆዳው ላይ ልጥፍ ብለው ተኝተዋል፤ እስካሁን አንድም አልወለቀም። አዲስ ሳለ ግን የቆዳው ሽታ እንጀራው ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥቂት ቀን ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ሻጩ ዛጎሎቹ «ከዚሁ ከሐይቁ ዳር የተለቀሙ» መሆናቸውን አረጋግጦልኝ ነበር። ይህ ሊሆን አይችልም። ለጌጥ የሚሰፋው ነጭ ዛጎል የጨው ውኃ እንስሳ ቅርፊት ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው ጨው አልባ ሐይቅ ውስጥ አይገኝም፤ ወደ ደጋው ያመጣው ነጋዴ ነው። እንዲያውም ያ ለስላሳ አንጸባራቂ ገጹ እንስሳው በሕይወት ሳለ በሥጋው ሸፍኖ የሚለብጠው በመሆኑና ማዕበልና አሸዋ ሲያንከባልሉት የሰነበተ ዛጎል ስለሚደበዝዝ፣ የእኔዎቹ ከጨው ባሕር ጠረፍም የተለቀሙ አይመስሉኝም፤ ከነሕይወታቸው የተሰበሰቡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የጣናን የራሱን ቅርፊት ማየት የሚሻ ሰው ከሱቁ ጥቂት እርምጃ ቢወርድ ይበቃዋል። ውኃው ሸሽቶ በተወው ጭቃ ላይ፣ ከደንገሉ ሥር፣ የውኃ ቀንድ አውጣ ቅርፊትና እንደ መጽሐፍ በሁለት የሚከፈት ሌላ ቅርፊት ተበትኖ አገኘሁ። ይኸኛው ከውስጥ በኩል እርጥብ ሳለ የማለዳ ሰማይ የመሰለ ቀለም ነበረው፤ ተደስቼ ኪሴ ከተትሁት። ማታ ሆቴል ደርሼ ሳወጣው ደርቆ ኖራ መስሏል፤ ጠርዙም በጣቴ መካከል ተፈረፈረ። ሻጩ ይህንን አገልግል ላይ ሊሰፋው ቢሞክር ኖሮ መርፌው ገና ሲነካው በተሰበረ ነበር።

ለዕቃው ከአምስት አራት ነጥብ እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስሁት ስለ ዛጎሉ ምንጭ በተነገረኝ ቃል ነው። ሱቁን በማንኛውም ወር መጎብኘት ይቻላል። ወደ ዳርቻው የሚወርድ ሰው ግን ከክረምቱ በፊት ይሂድ፤ አሁን በመስከረም ሐይቁ ሞልቶ ያ ጭቃ ከነቅርፊቱ ውኃ ውስጥ ነው።