የአሮጌው ግሬደሬ ቢጫ፣ ከ15 ወር በኋላ

ግሬደሩ፣ መንገድ መደልደያው ማሽን፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። ካተርፒላር (ካት) የሠራው፣ 12 የሚባለው ሞዴል ነው፤ ጨረታ ወጥቶ ነው የገዛሁት። የሚያድረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። አምና ከጥምቀት ማግስት ቀለም አስቀባሁት። አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል፤ እንግዲህ ስለ ቀለሙ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

የገዛሁት ከሃርድነር (ከማጠንከሪያ) ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ቀለም ነው። ሃርድነር ከማይገባበት ከተራው ሲንቴቲክ ቀለም ሁለት እጥፍ ገደማ አወጣብኝ። ኪሴ ስላጠረ ጣሪያውን በሲንቴቲክ ጨረስኩት። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ጥሩ ማወዳደሪያ ሆነልኝ።

መጀመሪያ የትኛው ቢጫ? ካተርፒላር ከግራጫ ወደ ቢጫ የገባው እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ነው። በ1979 ደግሞ ቢጫውን ራሱን ቀየረው። የእኔው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የዛሬው የካት ቢጫ አይሆነውም። ቀለም ቀያጩ ልጅ ግን «ጋሼ፣ የካትን ቢጫ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው» አለኝ። እውነትም ጨፍኖ ነው የሠራው! ደመቀ ብሎ ጥቁር ጠብ አደረገበት። ቢጫ ላይ ጥቁር ሲገባ ወደ አረንጓዴ ነው የሚሄደው። የጎመን ውሃ መሰለ። በቀይ ጠብታ እያባበልን መለስነው።

ናሙና ያገኘነው መለያ ቁጥሩ ያለበትን ሰሌዳ ስንነቅል ነው። ከሥሩ መዳፍ የማትሞላ፣ ፀሐይ ያልነካት ቢጫ ተደብቃለች። ኮፈኑን ከእሷ ጋር ሳስተያየው ሽሮ ነው የሚመስለው። ቅይጡን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ በቀን ብርሃን ከእሷ ጋር አስተያየን። ቀለም እርጥቡና ደረቁ አንድ አይደለም። አምፖል ሥር ማየት ደግሞ ራስን መሸወድ ነው።

ከቅይጡ ይልቅ ያስለቀሰኝ የሥር ቀለሙ ነው። የኮፈኑን ቀኝ ጎን በቀይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ላይ በቀጥታ ቀባነው። ሦስት ዙር ረጨንበት፤ ዛሬም ቀዩ ከሥር ያሳብቃል፤ ቢጫው ጠይም ነው። የድሮዎቹ የማሽን ቢጫዎች ብዙዎቹ ሊድ ክሮሜት (ሊድ፣ ማለትም እርሳስ ያለበት ቢጫ ማቅለሚያ) ስላለባቸው በደንብ ይሸፍኑ ነበር። ሊድ የሌለባቸው የአሁኖቹ ሳሳ ይላሉ። በግራ በኩል አንቲረስቱ ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ፕራይመር (የሥር ቀለም) ጨመርንበት፤ ሁለት ዙር ቢጫ በቃው። ገንዘብ የሚቆጥበው ይኼ ነው፣ ርካሽ ቢጫ መግዛት አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ያንን የድሮ ቀለም በግራይንደር በደረቁ እንዳታስፍቁ። ሊዱ ብናኝ ሆኖ ይገባችኋል። ውሃ እያስነኩ በብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ልጆች በሌሉበት።

ሃርድነሩ ላይም ተበላሁ። የእኔው ቆርቆሮ ላይ 4 ለ 1 ተብሎ ተጽፏል፤ ልጁ በዓይኑ መጠነው። የናፍጣ ጋኑ ሳምንት ሙሉ ጣት ሲነካው አሻራ ይቀበል ነበር። አስፍቀን ደገምነው፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ሲኒ እየሰፈርን። የሚረጨው ጉም ለሳንባ ክፉ ስለሆነ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

አሁን እንዴት ነው? የናፍጣ ጋኑ አፍ ላይ በየቀኑ ናፍጣ ይፈሳል። በጨርቅ ስጠርገው ቀለሙ እንዳለ ነው፣ አልለሰለሰም። ጣሪያው ግን አልቋል። በመዳፌ ስዳብሰው እጄ እርድ የነካ ይመስላል። ክረምቱ ሳይሆን ከመስከረም በኋላ ያለው ፀሐይ ነው የጨረሰው። አፈር የሚገፋው ብሌድ ላይ ያለው ቀለም በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሄደ፤ እሱን አልቆጥረውም። የቡሎኖቹ ጠርዝ ላይ ትንሽ ዝገት ብቅ ብሏል፤ በብሩሽ ቀድመን መቀባት ነበረብን።

ሁለቱን ጋሎን ቢጫ በአንድ ባልዲ አለመቀላቀሌ ይቆጨኛል። በሩ ከኮፈኑ ለትንሽ ይለያል። ባለቤቴ አይታየኝም ትላለች። እኔ በየጠዋቱ ይታየኛል።

በሩ ላይ ሌላም ነገር አለ። መሽቶብን አምፖል አብርተን ስንረጭ የሐይቁ ትንኝ ግር ብሎ መጣ። አብዛኛውን ለቀምን። አንዷ እጀታው አጠገብ ክንፏን ዘርግታ ቢጫ እንደለበሰች ቀረች። ጣሪያውን ለመጪው በጋ በፖሊዩሪቴን አስደግመዋለሁ፤ እሷን ግን አላስነካትም።