ሊኑክስ ሚንት 22 በቤት ኮምፒውተር ላይ
ዊንዶውስ 11ን መሸከም ላልቻለ ኮምፒውተር ከነፃዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የምንመርጠው ሚንትን ነው። ዝቅተኛው ራም 2 ጊጋባይት ነው ቢባልም፣ ብሮውዘር ሲከፈት ከ4 በታች ያለው በጣም ይንቀራፈፋል። የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል።

ፋይሎችዎን ሌላ ዲስክ ላይ ካስቀመጡ በኋላ የወረደውን አይኤስኦ (የሚንት መጫኛ ፋይል) በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ኢቸር በተባለው የፍላሽ መጻፊያ ፕሮግራም ይጻፉት፤ እንዲሁ ኮፒ ቢያደርጉት አይነሳም። ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነስተው ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የብሮድኮም ዋይፋይ ነው፤ በኬብል ኢንተርኔት አገናኝተው ከሚንት ድራይቨር ማኔጀር ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ይጫኑለት።

ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማቆየት የሚፈልግ ፋስት ስታርትአፕ የተባለውን የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ አስቀድሞ ያጥፋ። ያለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ ሚንት የዊንዶውሱን ክፍል ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ይያዙ፣ ይህን አደራ እንላለን! ሊብሬኦፊስ (የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ስብስብ) ከሚንት ጋር አብሮ ይመጣል። እንጀራዎ በፎቶሾፕ ከሆነ ግን አይቀይሩ።