የጠገራ ብር ካታሎግ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቢሆንም ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ነገ ከእናንተ አንዱ እዚያ ሱቅ ሊገባ ይችላል።

ጠገራ ብር የምንሰበስብ ሰዎች ችግራችን አንድ ነው። ብሩ ላይ ያለው ዓመት ምንም አይነግረንም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተች። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የታተመው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ታትሟል፣ ለንደን ታትሟል፣ ፓሪስና ቦምቤይም ታትሟል። በ1935 ደግሞ ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲነሳ ማተሚያ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አሳትሞታል። እጄ ላይ ያለው ብር የአያቴ ጥሎሽ የተከፈለበት ይሁን ወራሪው ለባንዳ የከፈለው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ክብደቱ ያው 28 ግራም ነው፤ ሚዛን አይለየውም። የሚለየው ጥቃቅን ነገር ነው፤ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ የንስሩ የጅራት ላባ፣ የፊደሎቹ አቀማመጥ። ስለዚህ በትልልቅ ፎቶ እያነጻጸረ የሚያሳይ ካታሎግ የግድ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም።

ቸርችል ጎዳና ካሉት የጥንት ዕቃ ሱቆች አንዱ ውስጥ አገኘሁት። ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ናት፣ አንድ ፈረንጅ ቀብድ ሊጥልባት ነው» የሚሉት ዓይነት ናቸው። ከ15,000 ተነስተን 12,000 ብር ላይ ተስማማን።

መጽሐፉን ቁጭ ብዬ አገላብጬዋለሁ። ወረቀቱ ወፍራም፣ የሚያንጸባርቅ፣ የውጭ ሕትመት ነው። የደረት ጌጡ ብቻውን ጎልቶ የወጣበትን ገጽ ከፍቼ ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። የእያንዳንዱ ጥላ ሳይቀር ይታያል። «ይሄ ነው» አልኩ።

ቴሌብር ከፈትኩ። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። በዚህ መሀል ልጁ መጽሐፉን ከፊቴ አንስቶ «በካኪ ልጠቅልልልዎ፣ ጋሼ፣ እንዳይጎዳ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ የሚስጥር ቁጥሬን እየነካሁ ነው። ባለቤቱ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ክፍያው ማለፉን አይቶ «ደረሰ» ሲል ልጁ ወጣ። ካኪው በፕላስተር ግራና ቀኝ ተጠርንፏል፣ በላዩ ሲባጎ ታስሯል። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ያ ጎንበስ ማለቱ ነው አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ።

ቤት ገብቼ በመቀስ ፈታሁት። ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑን በከለር አትመው ለጥፈውበታል፤ ውስጡ ጥቁርና ነጭ፣ ስስ ወረቀት። ቀለሙ ገና ይሸታል። አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ ኮፒ ያደረገው ሰው አውራ ጣት አብሮ ወጥቷል። ዕንቁዎቹን የቆጠርኩበትን ገጽ ፈለግኩ። ዘጠኙም አንድ ጥቁር ጭረት ሆነዋል። የንስሩ ጅራት ጭቃ ነው።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና አላለም። «የሸጥንልዎ ይሄንኑ ነው» አለ። ትናንት ያገላበጥኩት ሌላ ነው ስለው፣ «ጽሑፉ ጎደለ እንዴ? ሥዕል ለልጅ ነው» አለኝ። ልጁ ከጎኑ ቆሞ ሳቀ፤ ያው ትናንት ጎንበስ ያለልኝ ልጅ። ደረሰኝ ስጠኝ አልኩት። «ለአሮጌ መጽሐፍ ምን ደረሰኝ አለ?» የቴሌብሩ መልእክት የሚያሳየው ደግሞ የግለሰብ ስም እንጂ የሱቁን አይደለም። ይሄኔ ሁለት ቱሪስቶች ገቡ። ሰውዬው ስልኩን አስቀምጦ ብድግ አለ፣ ፈገግታው ፊቱን ሞላው። እኔ እዚያው ቆሜ እንደሌለሁ ተቆጠርኩ። የጎደለብኝ 12,000 ብር ነው፤ እንዲህ መናቄ ግን ከብሩ ይብሳል። የአገራችንን ታሪክ አውቀን እናቆይ የምንል ሰዎችን እንዲህ መግፈፍ ነውር ነው።

መጽሐፉን ራሳችሁ ያዙት፤ ለመጠቅለልም ቢሆን ከዓይናችሁ አይራቅ። ደረሰኝ ካልሰጡ አትክፈሉ።

ዋናው መጽሐፍ አልተሸጠም፣ እዚያው ሱቅ ነው። ለሌላ ሰው እያሳዩ ሊያጠምዱበት ነው። የፊተኛው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ የቡና ሲኒ ያተመው ግማሽ ክብ አለበት። እሱን ካሳዩዋችሁ ውጡ።