ኦሎምፒያ ወርጄ አንድ ደቂቃ ተናገርኩ፦ የዋሽንግተን ስቴት የኮሚቴ ሂሪንግ እንዴት አገኘሁት?

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ጋራዥ አስተያየት ስንጽፍ እንውላለን። እኔ ዛሬ የምጽፈው በታክሳችን ስለሚንቀሳቀስ፣ ግን ብዙዎቻችን በሩን ረግጠነው ስለማናውቀው አገልግሎት ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጪዎች በዋና ከተማዋ በኦሎምፒያ በረቂቅ ሕግ ላይ በኮሚቴ ሲቀመጡ ማንም ሰው ገብቶ ሐሳቡን ይሰጣል፤ ሂሪንግ የምንለው እሱን ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደያዝኩ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ ቱክዊላ ነው። የራይድሼር (እንደ ኡበርና ሊፍት ያለ) ሾፌር ነኝ፤ ግማሽ ቀኔ ሲታክ ኤርፖርት አካባቢ ትሪፕ በመጠበቅ ያልቃል። በ2022 መጀመሪያ ላይ እዚያ ቦታ ወሬው ሁሉ ኤች ቢ 2076 ነበር። ተወካይ ሊዝ ቤሪ ያቀረቡት ይህ ረቂቅ ለእኛ የክፍያ ወለል፣ የሕመም ፈቃድና የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚያመጣ ነው። ግማሹ ሾፌር «እሰይ» ይላል፣ ግማሹ «ካምፓኒዎቹ ሥራ ይቀንሱብናል» ብሎ ይሰጋል። እኔ ያን ጊዜ ያደረግኩት ስልኬን አውጥቼ ድረ ገጹ ላይ ስሜን ማስገባትና «ፕሮ» (እደግፋለሁ) የሚለውን መንካት ብቻ ነበር። ማርች 31 ቀን 2022 ገዥው ጄይ ኢንስሊ ፈረሙበት። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከሲያትል ከተማ ውጭ ተሳፋሪ ይዘን ስንሄድ በማይል ከ1.27 ዶላር፣ በደቂቃ ከ37 ሳንቲም በታች መክፈል ቀረ። ያን ቁጥር አፑ ላይ ያየሁት ቀን፣ ኦሎምፒያ የሚባለው ነገር ኪሴ ድረስ እንደሚመጣ ገባኝ። የእኛን ሥራ የሚነካ ሌላ ረቂቅ ሲመጣም ስልክ መንካት አልበቃኝም፤ ራሴ ሄጄ ልናገር አልኩ።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው በሕግ አውጪው ድረ ገጽ ነው። የረቂቁን ቁጥር ስታስገቡ ሙሉ ጽሑፉ፣ ማን እንዳቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ ጋ እንዳለና ሂሪንጉ መቼ እንደሆነ ይወጣላችኋል። «ኮሚቴ ሳይን ኢን» የሚለው ገጽ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ በአካል ወይም በቪዲዮ መናገር፣ በጽሑፍ መላክ፣ ወይም ሳይናገሩ አቋምን ብቻ ማስመዝገብ። አቋሙ ፕሮ (ደጋፊ)፣ ኮን (ተቃዋሚ) ወይም አዘር (ሌላ) ነው። ለመናገርም ሆነ አቋም ለማስያዝ ሂሪንጉ ከመጀመሩ 1 ሰዓት በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ 50 ደቂቃ ሲቀረው ከፍቶ ተዘግቶ አገኘው፤ ሰዓቱን አትመኑበት። ዜጋ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ማወቅ፣ ሰው ማስደወል፣ ደጅ መጥናት የሚባል ነገር የለም። ቢሮ ሲኬድ «ማን ልኮህ ነው?» እየተባልኩ ላደግኩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከባዱ ዝግጅቱ ነው። ብዙ ሰው ሲመዘገብ ሰብሳቢው ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ 2 ደቂቃ ይሰጠኛል ብላችሁ የሄዳችሁት 1 ደቂቃ ልትሆን ትችላለች። እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ «አንብብ» አለችኝ። ሰላምታዬንና ምስጋናዬን ሳልጨርስ ደቂቃው አለቀ። የእኛ ሰው ንግግር ሲጀምር እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ ሰብሳቢውን ያከብራል፣ እንግዶቹን ያነሳል፤ ደግ ባህል ነው፣ እዚያ ግን ቦታ የለውም። ልጄ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ሰረዘች፣ ሰረዘች፣ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ መስመር ቀረ። ስሜ፣ የምኖርበት ከተማ፣ ስንት ዓመት እንደነዳሁ፣ አንድ ሌሊት ያጋጠመኝ አደጋና ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ያለ ገቢ እንደተቀመጥኩ። ካልኩት ሁሉ የቀረው ይኼ ነው፤ ደግሞም መባል የነበረበት እሱ ብቻ ነበር።

ከቱክዊላ በአይ 5 ወደ ደቡብ ወርዶ ኤግዚት 105 መውጣት ነው። ዱፖንት አጠገብ፣ የጦር ሠፈሩ ጋ መንገዱ እንደሚቆም የነዳ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ሰዓት ትርፍ ይዛችሁ ውጡ። የሕዝብ ተወካዮቹ ኮሚቴዎች ኦብራየን በሚባለው ሕንጻ፣ የሴኔቱ ደግሞ ቸርበርግ በሚባለው ውስጥ ይሰበሰባሉ። ጉልላቱ ያለበት ትልቁ ሕንጻ ለብቻው ነው፤ እዚያ ገብቼ ስጠይቅ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ክፍሉ ትልቅ አይደለም። ተወካዮቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፣ ፊት ለፊታቸው ማይክ ያለበት ጠረጴዛ አለ፣ ከኋላ ለእኛ ወንበር ተደርድሯል።

መጀመሪያ የሚናገረው ተወካይ እንዳይመስላችሁ። የኮሚቴው ባለሙያ ናት ቀድማ የተናገረችው። እነዚህ ባለሙያዎች የማንም ፓርቲ አይደሉም፤ ረቂቁ አሁን ካለው ሕግ ምን እንደሚቀይር ብቻ ያስረዳሉ። ደግፉ አትልም፣ ተቃወሙ አትልም። ረቂቁን በስልኬ ሦስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝን አንድ አንቀጽ እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጠችልኝ። ከክፍሉ ሁሉ በጣም ያከበርኩት እሷን ነው። ከእሷ ቀጥሎ ረቂቁን ያቀረበው ሰው ለምን እንዳቀረበ ይናገራል፣ ተወካዮቹ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የሕዝቡ ተራ ይደርሳል።

ሰብሳቢው ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ሰው እየጠራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። እኔ የተቀመጥኩት ሙሉ ልብስ ከለበሰ የካምፓኒ ሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የተቀጠረ ሰው) አጠገብ ነበር። የእሱ ሥራው ይኼ ነው፤ ወረቀት እንኳ አልያዘም። እኔ ወረቀቴን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፣ ጫፉ በላብ ረጥቧል። እሱ ተናገረ፣ ደቂቃው አለቀ፣ ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ፣ ያጠቃልሉ» አለው። ተራዬ ደረሰ። እዚያ ቤት የሚባለውን «ለመዝገቡ፣ ስሜ እንዲህ ነው» ብዬ ጀመርኩ። አደጋው ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ፣ ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ፤ ዘጠኙን መስመር ጨረስኩ። ለእሱ ያቺው ደቂቃ፣ ለእኔም ያቺው ደቂቃ። ውሃ ልኩ እኩል ነበር። አንዲት ተወካይ ማይኳን ከፍታ «ከአደጋው በኋላ ስንት ጊዜ ከሥራ ወጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄና መልስ ከደቂቃዬ አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ከወረቀቴ የተሰረዘውን ግማሹን በመልሱ ውስጥ አስገባሁት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እንዳይከፋችሁ። እኔ ስናገር ሁለት ወንበር ባዶ ነበር፣ አንዱ ተወካይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ከልቤ አዘንኩ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለባዶ ወንበር ነው ወይ ብዬ። በኋላ ሲነገረኝ፣ አንድ ተወካይ በአንድ ጊዜ የበርካታ ኮሚቴ አባል ነው፤ የራሱን ረቂቅ ለማስረዳትም ወደ ሌላ ኮሚቴ ሮጦ ይመለሳል። የዋሽንግተን ስቴት ጉባኤ በጎዶሎ ዓመት (እንደ 2023) 105 ቀን፣ በሙሉ ቁጥር ዓመት (እንደ 2022) 60 ቀን ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ መታጨቅ አለበት። ያቀረቀረውም ረቂቁን እየተከታተለ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ያዝኳት ኮከብ። አንደኛ፣ የትኛው ረቂቅ ሂሪንግ ያገኛል የሚለው በኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ነው። ብዙ ረቂቅ ቀን ሳይያዝለት ሞቶ ይቀራል፤ ምክንያቱን ለሕዝብ የማስረዳት ግዴታ የለም። ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው፣ ወሳኙ ቀን ሌላ መሆኑ ነው። ኮሚቴው ማሻሻያ የሚያደርግበትና ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ኤክስኪዩቲቭ ሴሽን ይባላል። በሩ ክፍት ነው፣ ማየት ይቻላል፣ መናገር ግን አይቻልም። የደገፍኩት ረቂቅ በዚያ ቀን በአዲስ ጽሑፍ ተተካ። እኛ የተናገርንበት ጽሑፍና ድምፅ የተሰጠበት ጽሑፍ አንድ አልነበሩም። አዲሱን አንብቤ ልናገርበት የምፈልገው አንድ መስመር ነበረኝ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ረቂቁ ሁለተኛው ምክር ቤት ሲደርስ እንደገና ሂሪንግ ስላለ ነገሩን ያኔ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ለቀን ሠራተኛ ሌላ የሥራ ቀን መዝጋት ነው። ስብሰባዎቹ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ናቸው፤ እኔ የዚያን ቀን ትሪፕ ሁሉ ትቼ ነው የሄድኩት።

በቪዲዮ መናገር የተስፋፋው በኮቪድ ጊዜ ነው፣ ደግነቱ ሳይነሳ ቀረ። ስፖኬን የሚኖር ዘመዴ ከኦሎምፒያ 320 ማይል ገደማ ይርቃል፤ በበረዶ የስኖኳልሚን ተራራ አቋርጦ ለአንድ ደቂቃ ይምጣ ማለት አይቻልም። እሱ መኪናውን አቁሞ በስልኩ ተናግሯል። በቲቪደብልዩ አይቼዋለሁ፣ ድምፁ ከእኔ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ይህ ቴሌቪዥን ስብሰባዎቹን በነጻ ያስተላልፋል፣ ቅጂውም ይቀመጣል፤ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሂሪንግ እዩ።

ጋሽ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሾፌር አሉ፤ እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግራቸው አልሄድም ብለው ነበር። በጽሑፍ የሚላከው ምስክርነት ሂሪንጉ ከተጀመረ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ይቀበላል። ማታ ቤታቸው ሄድኩ፤ እሳቸው በአማርኛ እየተናገሩ ልጄ በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ አምስት ጊዜ «እንዲህ ብለሽ ጨምሪ» አሏት። ሊዘጋ ሲል ላክነው፣ ስማቸው ከሰነዱ ጋር ገባ።

አዲሱ ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል። የሾፌሮች ረቂቅ ቀን ሲያዝለት ከቱክዊላ ተነስቼ እሄዳለሁ፤ መኪናዬ ሦስት ሰው ይይዛል፣ የነዳጅ አልጠይቅም።